መስመር 21፦ የግእዝ ፊደል ከቴሌቪዥን ግርጌ እንዴት ጎደለ

ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች. ደብልዩ. ቡሽ ኦክቶበር 15 ቀን 1990 የፈረሙበት የቴሌቪዥን ዲኮደር ሕግ ከጥቂት ገጾች አይበልጥም (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዋና ትእዛዙም አንድ ነው። ከጁላይ 1 ቀን 1993 ጀምሮ በአሜሪካ የሚመረት ወይም ወደ አገሪቱ የሚገባ፣ 13 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነ ቴሌቪዥን ሁሉ፣ የሚነገረውን ቃል በጽሑፍ የሚያወጣ ዲኮደር በውስጡ ይዞ እንዲሠራ ያዝዛል። ኮንግረሱ ለዚህ ያበቁትን ምክንያቶች በመግቢያው ዘርዝሯል። ከሁሉ በፊት 24 ሚሊዮን የሚሆኑ መስማት የተሳናቸውና የመስማት ችግር ያለባቸው አሜሪካውያን አሉ። ጆሯቸው የደከመ አረጋውያን፣ ንባብ የሚለማመዱ ሕፃናትም አሉ። ከእነዚህም ጋር እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚማረው የአገሪቱ ሰፊ የስደተኛ ሕዝብ በስም ተጠቅሷል። ስደተኛው ወደ ሕጉ የገባው እንግሊዝኛ ተማሪ ሆኖ ነው። በራሱ ቋንቋና በራሱ ፊደል የሚያነብ ተመልካች ሊሆን ይችላል ብሎ ያሰበ ያለ አይመስልም።

ዛሬ በሄይዋርድ በአንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ሳሎን የተቀመጠው ቴሌቪዥን የዚያ ሕግ ውጤት ነው። ሜኑው ሲከፈት የእንቅልፍ ሰዓት ቆጣሪው፣ የማብሪያና የማጥፊያው ታይመር፣ የግርጌ ጽሑፉ ማስተካከያ ከነመጠኑና ከነቀለሙ ተሰልፈው ይታያሉ። ቴሌቪዥኑ የእንግሊዝኛ ዜና ላይ ሲሆን ቃሉ ከግርጌ ይወርዳል። ወደ አማርኛ ጣቢያ ሲዞር ግን፣ ሜኑው «በርቷል» እያለ፣ ግርጌው ባዶውን ይቀራል። ብዙ ሰው ዕቃው የተበላሸ ይመስለዋል፤ ሪሞቱን ደጋግሞ ይጫናል፤ ባትሪ ይቀይራል፤ በመጨረሻም ልጅ ይጠራል። ዕቃው ግን ጤነኛ ነው።

ነገሩ ከሪሞት ብስጭት ያለፈ ነው። ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ ባሉት ከተሞች በ1980ዎቹ በስደት የመጣው ትውልድ አሁን ወደ እርጅና ደርሷል። ልጆቻቸውን ተከትለው በስተርጅና የመጡ ወላጆችም አሉ። ዕድሜ ጆሮን ሲያደክም እንግሊዝኛ አንባቢው ጎረቤት በግርጌ ጽሑፍ ይካሳል፤ አማርኛ ብቻ የሚያነቡ እናት ግን ድምፁን ከፍ ከማድረግ በቀር መላ የላቸውም። በሌላው ጫፍ መስማት የተሳነው የስደተኛ ልጅ አለ። በፍሪሞንት በሚገኘው የካሊፎርኒያ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ በአሜሪካ የምልክት ቋንቋ እየተነጋገረ፣ በእንግሊዝኛ እያነበበ ያድጋል። ቤተሰቡ ከብቦ የሚያየው የአማርኛ ዝግጅት ለእርሱ የከንፈሮች እንቅስቃሴ ብቻ ነው። የአያቱን ፊደል ልማር ቢል እንኳ በየዕለቱ ከሚሰማው ዓለም ጋር አያይዞ የሚያሳየው ገበታ የለውም።

ለዚህ ጉድለት የሚሰጠው የተለመደ ማብራሪያ «ፊደላችን ብዙ ነው፤ ማሽኑ አይችለውም» የሚል ነው። ግማሽ እውነት አለበት። ይሁን እንጂ የመሣሪያው ታሪክ ሲመረመር ከፊደሉ ብዛት ይልቅ የተመልካቹ ማነስ የበለጠ እንደ ወሰነ ይታያል።

ከሰዓት የተወለደ ጽሑፍ

የግርጌ ጽሑፍ ሲጀመር የመስማት ጉዳይ አልነበረም፤ የሰዓት ጉዳይ ነበር። በ1970 የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ ትክክለኛ ሰዓትን በቴሌቪዥን ሞገድ ላይ አሳፍሮ በመላ አገሪቱ ለማሰራጨት ጥናት ጀመረ። የያኔው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ምስል በ525 አግድም መስመሮች የተሠራ ነበር። ከላይ ያሉት ጥቂቶቹ፣ ሥዕሉን የሚጽፈው ጨረር ከታች ወደ ላይ እስኪመለስ ድረስ፣ ምስል ሳይዙ የሚያልፉ ናቸው። የቢሮው ሐሳብ በእነዚህ ሥራ ፈት መስመሮች ላይ የሰዓት ቁጥር መላክ ነበር፤ ኤቢሲ የተባለው የቴሌቪዥን ድርጅትም ለሙከራው ተባበረ። የሰዓቱ ዕቅድ አልሰመረም። ነገር ግን ኤቢሲ «ቁጥር ከሄደ ፊደልም ይሄዳል» የሚል ሐሳብ አነሣ፤ በዚያው መንገድ የንግግር ጽሑፍ እንዲላክ ጠየቀ። በ1971 በቴነሲ በተደረገ ጉባኤ ሙከራው ታየ፤ በፌብሩዋሪ 1972 ደግሞ በዋሽንግተን በጋሎዴት ኮሌጅ መስማት ለተሳናቸው ተመልካቾች ቀረበ።

በዚያው ዓመት የቦስተኑ ደብልዩጂቢኤች ጣቢያ የጁሊያ ቻይልድን የማብሰያ ዝግጅት ለሁሉም ተመልካች በሚታይ ጽሑፍ አስተላለፈ። ከዲሴምበር 1973 ጀምሮ ደግሞ የኤቢሲን የምሽት ዜና ጽሑፍ እየጨመረ በሕዝባዊው ቴሌቪዥን በሌሊቱ መግቢያ ይደግመው ነበር። ጥቂት ሠራተኞች ዜናውን ሰምተው፣ ጽፈውና አሳጥረው ለማድረስ አምስት ሰዓት ያህል ነበራቸው። መስማት የተሳነው አሜሪካዊ ስለ ቀኑ ውሎ የሚያውቀው ጎረቤቱ ሊተኛ ሲል ነበር ማለት ነው።

በ1976 የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ከእነዚያ ሥራ ፈት መስመሮች ሃያ አንደኛውን ለግርጌ ጽሑፍ ብቻ መደበ። የአማርኛም ዕድል የተወሰነው እዚህ ላይ ነው። በመስመር 21 በእያንዳንዱ የምስል ፍሬም የሚሄደው ሁለት የፊደል መለያ ብቻ ነው፤ በሰከንድ 60 ያህል ይሆናል። እያንዳንዱ መለያ ሰባት ቢት ስለሆነ 128 ቦታ ይሰጣል፤ ከእነዚህም 32ቱ ለትእዛዝ የሚውሉ ናቸው። ለእንግሊዝኛ ይህ ሰፊ ቤት ነው። በአንድ ረድፍ 32 ፊደል ይሰፍራል፤ ትልቁና ትንሹ ፊደል፣ ቁጥሩ፣ ሥርዓተ ነጥቡ ሁሉ ገብቶ ለዘፈን ማመልከቻ የምትሆን የሙዚቃ ኖታ ምልክት እንኳ ቦታ አላጣችም። በኋላ የስፓኝ፣ የፈረንሳይ፣ የፖርቱጋል፣ የጀርመንና የዴንማርክ ቋንቋዎች ልዩ ፊደላት በተጨማሪ ሰንጠረዥ ተካተቱ። የሰንጠረዡ ወሰን የላቲን ፊደል ወሰን ሆነ።

የሳጥኑ ዋጋ

መደበኛው ሥርጭት የተጀመረው ማርች 16 ቀን 1980 ነው። ሥራውን የያዘው ከአንድ ዓመት በፊት የተቋቋመው ብሔራዊ የግርጌ ጽሑፍ ተቋም ሲሆን፣ ጽሑፉን ለማየት ሲርስ የተባለው መደብር በ250 ዶላር ገደማ የሚሸጠው ሳጥን ያስፈልግ ነበር። ገበያው ወዲያው በራሱ ገመድ ተጠለፈ። ሳጥን የገዛ ሰው ጥቂት ስለሆነ ጣቢያዎች ለጽሑፍ ገንዘብ አያወጡም፤ ጽሑፍ ያለው ዝግጅት ጥቂት ስለሆነ ሰው ሳጥን አይገዛም። ሲቢኤስ ደግሞ መስመር 21ን ትቶ ቴሌቴክስት የተባለውን፣ ብዙ ገጽ የሚሸከም ሌላ ስልት ይመርጥ ነበር፤ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ተቃውሞ ካሰሙበት በኋላ በ1984 ተቀላቀለ። የሲቢኤስ አቋም በጊዜው እንደ እልከኝነት ተቆጥሮ ነበር፤ ፍርዱም በአብዛኛው ተገቢ ነው። ሆኖም ቴሌቴክስት በአውሮፓ ሲስፋፋ የግሪክን፣ የዐረብንና የዕብራይስጥን ፊደላት አስተናግዷል። አሜሪካ ፈጥኖ የደረሰውን መረጠች፤ ጠባቡም እርሱ ነበር።

ከዚህ አዙሪት ያወጣው የ1990ው ሕግ ነው። የሕጉ ዋና አንቀሳቃሽ የአይዋው ሴናተር ቶም ሀርኪን መስማት የተሳነው ወንድም ነበራቸው። ኮንግረሱ ዲኮደሩን በፋብሪካ ውስጥ መግጠም የሚጠይቀው ወጪ ኢምንት እንደሆነ በመግቢያው አስፍሯል። ለኢኮኖሚ ተንታኝ ይህ ሕግ እንደ መማሪያ የሚጠቀስ ነው። ለብቻው የሚሸጥ ሳጥን የፈላጊውን ሰው ኪስ ይፈትናል፤ በሁሉም ቴሌቪዥን ውስጥ የገባ ቺፕ ግን ወጪው በአገር ሙሉ ተከፋፍሎ አይታወቅም። በሳን ሆዜ አጠገብ በካምቤል ከተማ የነበረው ዛይሎግ የተባለ ኩባንያ በ1990ዎቹ ለመስመር 21 የተዘጋጀ ቺፕ ይሸጥ ነበር። ሕጉ የፈጠረው ገበያ በከፊል የዚሁ ሸለቆ ገበያ ሆነ።

ከሄይዋርድ በስተደቡብ ያለው ትምህርት ቤትም ታሪኩ ከዚሁ ዓመት ጋር ይገጥማል። በ1860 በሳን ፍራንሲስኮ ተመሥርቶ ከ1869 ጀምሮ በበርክሌይ የኖረው የካሊፎርኒያ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ወደ ፍሪሞንት የተዛወረው በ1980 ነው። የበርክሌዩ ግቢ የሄይዋርድ ስንጥቅ በሚባለው የመሬት መሰንጠቂያ አጠገብ በመሆኑ ለመሬት መንቀጥቀጥ አስጊ ተብሎ ነበር። የግርጌ ጽሑፍ በአሜሪካ ቤቶች መታየት በጀመረበት ዓመት የምሥራቅ ቤይ ከተሞች መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበረሰብ አንዱ ማዕከል ሆኑ። ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በብዛት መድረስ የጀመሩትም በዚያው አሥር ዓመት ነው፤ የ1980 የስደተኞች ሕግ በር ከፍቶላቸው ነበር። ሁለቱ ማኅበረሰቦች በአንድ አውራ ጎዳና ዳር ጎረቤታሞች ቢሆኑም የተገናኙበት ገበታ አልነበረም።

የሁለት ሰዓት ዜና

ሰዓቱ በመጨረሻ ወደ መስመር 21 ተመልሶ መጥቷል። በ1990ዎቹ የዚሁ መስመር ሁለተኛ ክፍል ከጽሑፍ ሌላ አነስተኛ የመረጃ ጥቅሎችን እንዲሸከም ተደረገ፤ ከእነዚህም አንዱ የዕለቱን ቀንና ሰዓት የያዘ ነበር። ሕዝባዊው ቴሌቪዥን ይልከዋል፤ አዳዲሶቹ የቪዲዮ ዴኮች ይቀበሉትና ሰዓታቸውን ራሳቸው ያስተካክላሉ። በየሳሎኑ «12:00» እያለ ብልጭ ድርግም ሲል የኖረው ቁጥር በዚህ ተገላገለ። በ1970 ያልሰመረው ዕቅድ፣ ከእርሱ በተወለደው ልጅ ጫንቃ ላይ ተፈናጥጦ ደረሰ።

የዴኩ ታይመር ራሱ ከፍርድ ቤት አደባባይ ያለፈ መብት ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሶኒና በዩኒቨርሳል ስቱዲዮ መካከል ጃንዋሪ 17 ቀን 1984፣ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ በሰጠው ውሳኔ፣ አንድ ሰው ዝግጅትን ቀድቶ በሚመቸው ሰዓት ማየቱ ሕጋዊ ነው አለ። ለፈረቃ ሠራተኛ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ሌሊት በመኪና ማቆሚያ፣ በሆስፒታል ወይም በታክሲ ላይ የሚያድር ስደተኛ የቀኑን ዝግጅት በታይመር ቀድቶ ማየት ቻለ። የግርጌ ጽሑፉም አብሮ ይቀዳ ነበር፤ መስመር 21 ሆን ተብሎ የቀጠነ ስለሆነ የቪኤችኤስ ካሴት አይጠፋበትም። ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣ ካሴት ግን የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የሚጠቀምበት ፓል የተባለው ሥርዓት ስለሆነ በአሜሪካው ዴክ ላይ ምስሉ እንኳ አይወጣም ነበር፤ ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ ፈልጎ መግዛት ግድ ይል ነበር።

የኢትዮጵያውያን ጣቢያዎች በሳተላይት ሲመጡ፣ ኢቢኤስ በ2008፣ ኢሳት በ2010፣ ታይመሩ ሌላ እንቆቅልሽ ገጠመው። የእኛ ሰዓት ከንጋት ይቆጥራል። የዝግጅት መርሐ ግብር «ምሽት 2 ሰዓት» ሲል አሜሪካዊው ማሽን ማታ 8 የሚለው ነው። የስድስት ሰዓቱን ልዩነት ሁሉም ያውቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ስሌት ነው የሚያደናግረው። ኢትዮጵያ ሰዓቷን በዓመት ውስጥ አትቀይርም፤ ካሊፎርኒያ ግን ከ2007 ወዲህ በማርች ሁለተኛ እሑድ ወደፊት፣ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ወደኋላ ትገፋዋለች። ስለዚህ የአዲስ አበባው የምሽት 2 ሰዓት ዜና በክረምት ሄይዋርድ የሚደርሰው ጠዋት በ9 ሲሆን በበጋ በ10 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓትና ከጠዋቱ 4 ሰዓት መሆኑ ነው። (በጋና ክረምት ያልነው የካሊፎርኒያውን ነው፤ እዚህም ላይ ቋንቋው ከወቅቱ ጋር ይጣላል።) ዜናው ከቦታው ሳይነቃነቅ ታይመሩ በዓመት ሁለት ጊዜ መስተካከል አለበት። መርሐ ግብሩን አይቶ 2 ቁጥርን የጫነ ሰው የሚቀዳው ሌላ ዝግጅት ነው።

በዚህ የሰዓት ጣጣ ውስጥ አንድ መጽናኛ ነበር። በጭንቅላት ሊታረም ይችላል። ደምሮ ቀንሶ፣ ወረቀት ላይ ጽፎ ቴሌቪዥኑ ላይ ለጥፎ ማደር ይቻላል። ፊደል ግን እንዲህ አይታረምም፤ በቺፑ ውስጥ ያልተቀረጸ ፊደል በተመልካቹ ብልሃት አይገኝም።

33 ሲደመር 7

የአማርኛ ፊደል 33 ተነባቢዎች በ7 ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ ማለት ነው። የመስመር 21 ሰንጠረዥ ለፊደልና ለምልክት የሚተርፈው ቦታ 96 ነው። «ማሽኑ አይችለውም» የሚለው አባባል ከዚህ ስሌት የመጣ ነው፤ ስሌቱ ግን ማባዛትን ብቻ ያየ ነው።

ይህን ችግር ኢትዮጵያውያን ከቴሌቪዥኑ በፊት ገጥመውት ፈትተውታል። በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ስማቸው የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ ለ231 ፊደል 231 ቁልፍ አላበጁም፤ የፊደሉን ግንድና የቤቱን ቅጥያ ለያይተው ማገጣጠም ነበር ብልሃቱ። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ሰዎች የእጅ ፊደል ነው። በእርሱ እያንዳንዱ ተነባቢ የራሱ የእጅ ቅርጽ አለው፤ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያለው ቤት ደግሞ እጁ በሚያደርገው እንቅስቃሴ ይለያል። ተጠቃሚው 231 ቅርጽ አያጠናም። 33 ቅርጽና 7 የአነባበብ ምልክት ሲደመሩ 40 ናቸው።

አርባ መለያ በ96 ቦታ ውስጥ ይገባል፤ ሥርዓተ ነጥቡና ቁጥሩም ይተርፈዋል። ፍጥነቱም ቢሆን አያንስም። ለአንድ የአማርኛ ፊደል ሁለት መለያ፣ አንዱ ለግንዱ አንዱ ለቤቱ፣ ቢላክ እንኳ መስመር 21 በሰከንድ 30 ፊደል ያደርሳል፤ የትኛውም ዜና አንባቢ በዚያ ፍጥነት አይናገርም። ስለዚህ በ1976ቱ ጠባብ መንገድ ላይ እንኳ አማርኛ ማለፍ ይችል ነበር።

እውነተኛው መሰናክል ከመንገዱ ማዶ፣ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ነበር። ማሳያው ቺፕ የእያንዳንዱን ፊደል መልክ በነጥብ በነጥብ በማስታወሻው መያዝ አለበት። ማስታወሻ በ1980 ውድ ነበር፤ በጥቂት ነጥቦች ብቻ ቂ እና ቄን፣ ወይም ጸ እና ጻን ከሩቅ እንዲለዩ አድርጎ መሣልም ቀላል ሥራ አይደለም። ይህ ሊናቅ አይገባም። ሆኖም ከፍ ያለ ወጪ አይቻልም ማለት አይደለም። መልሱን የሚሰጠው የገበያው ስፋት ነው። በኋላ በደረጃው ሰነድ ላይ የቻይናና የኮሪያ ፊደላት በሁለት ባይት የሚላኩበት መንገድ ተጠቁሟል፤ ሁለቱም ከግእዝ እጅግ የበዙ ምልክቶች ያሏቸው ናቸው። ለእነርሱ መንገድ እንዲጠቆም ያደረገው ከኋላቸው ያለው የቴሌቪዥን ገበያ እንጂ የፊደላቸው ቀላልነት አይደለም።

የሚገርመው፣ መፍትሔው የመጣው ከዚሁ የባሕር ወሽመጥ ዳርቻ ነው። የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ ሰንጠረዥ የማስፈር ሐሳብ በ1988 በጽሑፍ የቀረበው በፓሎ አልቶ በዜሮክስ በሚሠራው በጆ ቤከር ነበር። በዚያው ሸለቆ በሂውሌት ፓካርድ መሐንዲስ የነበሩት አቶ ፍስሐ አትላው ደግሞ አማርኛን ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባትና ፊደሉ በዩኒኮድ እንዲካተት ከደከሙት ኢትዮጵያውያን መካከል ናቸው። በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ለግእዝ ፊደል 345 ምልክቶችን አሰፈረ። ከዚያ ቀን በኋላ «አይቻልም» የሚለው ክርክር ቴክኒካዊ መሠረቱ እየተሸረሸረ ሄደ።

የተፈቀደ ዝምታ

ዲኮደር ያለው ቴሌቪዥን ሁሉም ቤት ከገባ በኋላ የቀረው ጥያቄ የጽሑፉ አቅርቦት ነበር። የ1996ቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ኮሚሽኑን ግዴታ እንዲያወጣ አዘዘው፤ ደንቡ በ1997 ወጥቶ ከጃንዋሪ 1998 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። በስምንት ዓመት ውስጥ፣ እስከ ጃንዋሪ 2006፣ አዳዲስ የእንግሊዝኛ ዝግጅቶች በሙሉ ጽሑፍ እንዲኖራቸው፣ ለስፓንኛ ደግሞ እስከ 2010 ጊዜ እንዲሰጥ ተወሰነ። ነጻ የሚሆኑትም ተዘረዘሩ። ዓመታዊ ገቢው ከ3 ሚሊዮን ዶላር በታች የሆነ ጣቢያ አይገደድም፤ ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት የሚተላለፍ ዝግጅት አይገደድም። ከእንግሊዝኛና ከስፓንኛ ውጪ በሆነ ቋንቋ የሚተላለፍ ዝግጅትም በአጠቃላይ አይገደድም።

የመጀመሪያው ነጻነት የአቅም ጉዳይ ስለሆነ ምክንያቱ ይገባል፤ ጥቂት ማስታወቂያ ሰብስቦ የሚኖር ጣቢያ በጽሑፍ ወጪ ቢዘጋ ማንም አይጠቀምም። የቋንቋው ነጻነት ግን ከአቅም ጋር አልተያያዘም። ሀብታሙንም ድኻውንም ጣቢያ በእኩል ነጻ ያወጣል፤ ሸክሙንም ከጣቢያው ላይ አንሥቶ በተመልካቹ ላይ ይጥለዋል። በ1990 ስደተኛን ምክንያት አድርጎ የወጣ ሕግ በ1997 የስደተኛውን ቋንቋ ከግዴታ ውጪ አደረገው። ሁለቱን ሰነዶች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ተቃርኖውን ለማየት አይቸገርም፤ በሁለቱ መካከል ግን ያነበበላቸው የተደራጀ ድምፅ አልነበረም። መስማት የተሳናቸው አሜሪካውያን ሲቢኤስን በተቃውሞ አሳምነዋል፤ የስፓንኛ ተናጋሪዎች ብዛት ለቋንቋቸው የጊዜ ሰሌዳ አስገኝቷል። መስማት የተሳነው አማርኛ ተናጋሪ ግን በሁለቱም ወገን ሲቆጠር ጥቂት ነው።

በቋንቋው ነጻነት ውስጥ አንድ ትንሽ መስኮት አለች። ከተዘጋጀ ጽሑፍ የሚነበብ ዝግጅት፣ ጽሑፉ ከዜና ክፍሉ ኮምፒዩተር በቀጥታ ወደ ግርጌ ሊተላለፍ የሚችል ከሆነ፣ በማንኛውም ቋንቋ ቢሆን ነጻ አይወጣም ይላል ደንቡ። አማርኛ ዜና እንዲህ ያለ ዝግጅት ነው። አንባቢዋ ከመናገሯ በፊት ቃሉ ሁሉ ከካሜራው ፊት በሚንከባለለው ስክሪን ላይ ተጽፎ አልቋል። ለእንዲህ ያለው ጽሑፍ አዲስ ጸሐፊ መቅጠር አያስፈልግም፤ ተጨማሪው ወጪ ያለቀውን ጽሑፍ ወደ ተመልካቹ የማሻገር ብቻ ነው። የላቲን ፊደል ብቻ በሚያሳይ ዲኮደር ዘመን «ሊተላለፍ የሚችል ከሆነ» የምትለው ሐረግ አማርኛን ዘግታበት ነበር። ከጁላይ 2002 ጀምሮ የዲጂታል ቴሌቪዥኖች አዲስ ዓይነት ዲኮደር እንዲይዙ ተደረገ፤ ጁን 12 ቀን 2009 ደግሞ ትልልቆቹ ጣቢያዎች የድሮውን ሞገድ ሲያጠፉ መስመር 21 ከአየር ላይ ወረደ። አዲሱ ደረጃ ለሰፋፊ ፊደላት በር ቢተውም አምራቹ እንዲያሳይ የተገደደው አሁንም ላቲኑን ነው።

በኢንተርኔት በኩል ግን በሩ ክፍት ነው። ከሄይዋርድ ድልድዩን ተሻግሮ በሳን ብሩኖ የሚገኘው ዩቲዩብ በ2009 ንግግርን በራሱ ወደ ጽሑፍ የሚቀይር አገልግሎት ሲጀምር በእንግሊዝኛ ነበር የጀመረው፤ ይሁን እንጂ አዘጋጁ ራሱ ጽፎ የሚጭነው የጽሑፍ ፋይል በዩኒኮድ ስለሆነ ግእዝን ያለ ችግር ይቀበላል። በአሁኑ ጊዜ አብዛኛው የዳያስፖራ ቤተሰብ የአማርኛ ዝግጅት የሚያየው በዚህ መንገድ ነው። ሕጉ እዚህም አልደረሰም። ፕሬዚዳንት ኦባማ ኦክቶበር 8 ቀን 2010 የፈረሙት የተደራሽነት ሕግ በኢንተርኔት የሚለቀቅ ዝግጅት ጽሑፍ እንዲኖረው የሚያስገድደው አስቀድሞ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ከነጽሑፉ ከተላለፈ ነው። በቴሌቪዥን ነጻ የወጣው አማርኛ በኢንተርኔትም ነጻ ሆኖ ቀረ።

ከውቅያኖሱ ማዶ ያለው ሥዕል የተገለበጠ ነው። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2010 አጽድቃለች፤ ስምምነቱ የቴሌቪዥን ዝግጅት ተደራሽ በሆነ መልክ መቅረብ እንዳለበት ይናገራል። የአሜሪካ ሴኔት ግን በዲሴምበር 2012 ድምፅ ሰጥቶበት 61 ለ 38 በሆነ ውጤት ከሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ ሳይደርስ ቀርቷል። መሣሪያው ያለበት አገር ቃል አልገባም፤ ቃል የገባው አገር የመሣሪያውን ደረጃ አይወስንም። በሁለቱ መካከል ያለው ተመልካች ለየትኛው እንደሚያመለክት ግልጽ አይደለም፤ ለጣቢያዎቹ ራሳቸው ማመልከት ግን ይችላል። የዳያስፖራ ባለሙያ ማኅበራት ስለ ድምፅ ጥራትና ስለ ዜናው ይዘት ለጣቢያዎች ይጽፋሉ፤ ስለ ግርጌ ጽሑፍ መጻፍ ከዚህ የከበደ አይደለም። የአንድ ሰዓት ውይይት ለመጻፍ የሰው ጉልበት ይጠይቃል፤ ከጽሑፍ ለሚነበበው ዜና ግን ያ ጉልበት አስቀድሞ ተከፍሏል።

በጁላይ 2024 የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የግርጌ ጽሑፍ ማስተካከያዎች ለተጠቃሚው በቀላሉ የሚገኙ እንዲሆኑ የሚያስገድድ ውሳኔ አሳልፏል። የፊደሉን መጠን፣ ቀለሙንና ከጀርባው ያለውን ጥላ ለማስተካከል ከእንግዲህ በሜኑ ውስጥ ብዙ መንከራተት አይገባም ተብሏል። ተገቢ ውሳኔ ነው፤ ጆሯቸውም ዓይናቸውም ለደከመ አረጋውያን በተለይ። በአማርኛ ጣቢያ ላይ ግን ያ ማስተካከያ የሚያጎላው ባዶ ቦታ ነው። ዜና አንባቢዋ በትልልቅ የግእዝ ፊደላት ተጽፎ ያነበበችው ቃል፣ ዝግጅቱ ሲያልቅ፣ ከስቱዲዮው ስክሪን ላይ ይጠፋል።